ትንሿ ሴባስቶፖላችን

የዚህ መጽሔት አንባብያን በግቢው በር አጠገብ ሦስት ተማሪዎች አንዲት ጎማዋ ትንንሽ የሆነ ጥቁር ብስክሌት፣ አንዱ ከፊት እየጎተተ ሁለቱ ከኋላ እየገፉ፣ ሽቅብ ሲያወጡ አይታችሁ እንደ ሆነ እኛው ነን። ስቃችሁም እንደ ሆነ አንቀየምም። ስሟን ያወጣችላትም ከዳር ቆማ ስትስቅ የነበረች አንዲት የታሪክ ክፍል ተማሪ ናት። «ሴባስቶፖል መጣች!» አለች፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ።

ለደብረ ታቦር ሰው ይህን ስም ማብራራት አያስፈልግም፤ ከሌላ አገር ለመጡት ግን ባጭሩ እንንገራቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኘው በጋፋት የአውሮፓ ሚሲዮናውያንን አስቀምጠው መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው። ሰዎቹ የእጅ ሥራ ያውቁ እንደ ሆነ እንጂ መድፍ ማቅለጥ የሚያውቁ አልነበሩም፤ ቢሆንም እየወደቁ እየተነሡ ሠሩት። ከሁሉ የገዘፈው ሴባስቶፖል የተባለው ሰባት ቶን ያህል ይመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ መንገድ እያስቆፈሩና በመቶ የሚቆጠር ሰው እያስጎተቱ፣ ግማሽ ዓመት ያህል ተጉዘው መቅደላ አደረሱት። መድፉ እስከ ዛሬ እዚያው መቅደላ ላይ ነው፤ አምሳያው ደግሞ አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

የእኛይቱ ክብደት ሃያ ኪሎ ነው። ነገር ግን «ያለ ድካም ትወስዳችኋለች» ተብሎ የተገዛ ነገር ሽቅብ ሲጎተት ሃያ ኪሎም ቢሆን ሰባት ቶን ነው።

ስንገዛት አራት ነበርን። ሦስታችን የአማርኛ ክፍል ተማሪዎች ስንሆን አራተኛው በጋሳይ በኩል ካለ ገጠር የመጣ የጂኦግራፊ ተማሪ ነው። ሁላችንም ማታ ማታ ከከተማው ዳር እስከ ዳር እየዞርን የሰው ልጆች በቤታቸው እናስጠና ነበር። ከምናገኘው እኩሌታውን ባጃጅ ይወስደዋል፤ ነዳጅ የጠፋ ሰሞንማ ባጃጁም አይገኝ፤ ቢገኝም የሚጠይቀው ዋጋ ከምናስጠናው ትምህርት ይበልጣል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ከተሰማ ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሪክ ነገር በሰው ሁሉ አፍ ላይ ነበር። እኛ መኪና የምንገዛ ሰዎች አይደለንም። ግን አንዲት ያገለገለች ታጣፊ የኤሌክትሪክ ብስክሌት አዲስ አበባ ውስጥ በ26,000 ብር ትሸጣለች ሲሉን ለአራት ብናካፍለው ለአንድ ሰው 6,500 ሆነ። ሁላችንም እንደ ምንም አዋጣን። የጋሳዩ ጓደኛችን ድርሻ እናቱ አንድ የፋርጣ በግ ሸጠው የላኩለት ነው። ይህን በኋላ ስለምናነሣው ልብ በሉልን።

ሻጩ «አንድ ጊዜ ከሞላች አርባ ኪሎ ሜትር ትሄዳለች» ብሎን ነበር። ሰውዬው አልዋሸም፤ አርባው ኪሎ ሜትር በሜዳ ነው። ባሕር ዳር ቢሆን ኖሮ እንዳለው ትሆን ነበር፤ ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ የሆነችው በሐይቁ ዳር የተነጠፈች ሜዳ ስለ ሆነች ነው። ደብረ ታቦር ግን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በጉና ትከሻ ሥር፣ ከአንዱ ጉብታ ወደ ሌላው እየዘለለች የተሠራች ከተማ ናት። እዚህ ቁልቁል የወረደ ሁሉ ሽቅብ ይመለሳል።

አንድ የፊዚክስ ተማሪ ወዳጃችን በወረቀት ቁጭ አድርጎ አሳየን። ባትሪዋ 36 ቮልት በ7.8 አምፔር ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 280 ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ጋላቢው 60 ኪሎ፣ ብስክሌቷ 20፣ የመጻሕፍት ቦርሳው 10 ቢሆን፣ ይህን 90 ኪሎ አንድ መቶ ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት ወደ 25 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ በሞተሩና በመንገዱ የሚባክነው ሲታከልበት 35 በሉት። እንግዲህ የሞላው ባትሪ በጠቅላላው ስምንት መቶ ሜትር ከፍታ ቢያወጣ ነው። ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር ያለው የከፍታ ልዩነት ብቻውን ከዚያ ይበልጣል። «ስለዚህ» አለን ወዳጃችን እስክሪብቶውን እየከደነ፣ «ወረታ ወርዳችሁ እንደ ሆነ በመኪና ጭናችኋት ተመለሱ።» እስቲ ከመግዛታችን በፊት ቢነግረን ምን ነበረበት? እርግጥ አልጠየቅነውም።

ስለ ከፍታ ከተነሣ፣ ለእርሷ የምንመሰክርላት አንድ ነገር አለ። የነዳጅ ሞተር በእኛ አገር ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳበት ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስምና ደጋ ቆላ አይልም። ከዚህም ሌላ የምንወደው ሐሳብ አለ። ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይገባሉ፤ ከጣና ዐባይ ይወጣል፤ ዐባይም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን የሕዳሴ ግድብ ተርባይን ያዞራል። እንግዲህ በጉና ላይ የዘነበው ዝናብ ቆላ ወርዶ፣ መብራት ሆኖ፣ በሽቦ ተመልሶ ወደ ጉና ሥር ይወጣና በባትሪያችን ውስጥ ያድራል ማለት ነው። ይህን ለቡና አፍይዋ እትዬ ስንነግራት «ታዲያ ውሃው ይህን ያህል ከደከመ እናንተን ማን ግፉ አላችሁ?» አለችን።

እትዬን ማስተዋወቅ ረስተናል። ከግቢው በር ፊት ለፊት በአንዲት ጠባብ ቤት ቡና ታፈላለች። መኝታ ቤታችን ብስክሌት ማስገባት ስለማይቻል፣ በአንድ ሙሌት 15 ብር እየከፈልናት ከእርሷ ዘንድ ታድራለች። ቤቱ ጠባብ ስለ ሆነ ማታ ማታ ሁለት ላይ አጥፈን ከመደቡ ሥር እንከታታለን፤ ጧት ዘርግተን እንወጣለን። ተራም አወጣን፤ ሰኞ የአንዱ፣ ማክሰኞ የሌላው፣ ረቡዕ የሦስተኛው፣ ሐሙስ የጋሳዩ ጓደኛችን፤ የቀሩት ቀናት በስምምነት። ተራው በደብተር ሉክ ተጽፎ ከእትዬ ጀበና በላይ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

የመጀመሪያው ወር የትምህርት ወር ነበር። ዳገት ላይ የባትሪዋ ምልክት ከአራት መሥመር ወደ አንድ ዘጭ ሲልና ቀጥ ስትል አለቀ ብለን እንወርዳለን፤ ሜዳ ላይ ስንደርስ ምልክቱ ተመልሶ ሦስት ይሆናል። አስማት መስሎን ነበር። ነገሩ ግን ሞተሩ ብዙ ኃይል ሲስብ የባትሪው ቮልት ለጊዜው ዝቅ ይላል፤ ሠላሳ አካባቢ ሲደርስም በውስጡ ያለው መጠበቂያ ራሱ ይዘጋዋል። ፔዳሉን አብሮ መምታት ነው መድኃኒቱ። በተለይ ትንሽ ሞተር ከሙሉ ፍጥነቱ ከግማሽ በታች እየተንፏቀቀ ዳገት ሲወጣ የበላውን ኃይል ከሥራ ይልቅ ሙቀት ያደርገዋል። አንድ ቀን እጃችንን ብንጭንበት አቃጠለን።

ቀጥሎ ደግሞ የዝናቡ ነገር መጣ። መብራቷ በርቶ፣ ባትሪዋ ሞልቶ ሞተሩ አልነሣ አለ። ሁለት ቀን ገፋናት። በመጨረሻ በሁለቱም የፍሬን እጀታዎች ውስጥ «ፍሬን ተይዟል» እያለ ሞተሩን የሚያስቆም ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ እንዳለ፣ ውሃ ሲገባበትም ማንም ሳይነካው ተያዘ እንደሚል ተረዳን። ሶኬቱን ብንነቅለው ሞተሩ ወዲያው ተነሣ። ይህን ያገኘው የጋሳዩ ጓደኛችን ነው። በዚያን ቀን እጅግ አመሰገንነው።

እርሱ ሌላም ነገር ተናግሮ ነበር። አንድ ማታ ብስክሌቷን ስናጥፍ ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና «ይህችን በየማታው ማጠፍ ቢቀርብን? ምራን እንኳ የሚበጠሰው በሚታጠፍበት በኩል ነው። ውጭ አስረናት በላስቲክ እንሸፍናት» አለ። እኛም ሳቅንበት። ይህ እኮ የፋብሪካ ሥራ ነው፤ ስሟም ታጣፊ ነው፤ የሞፈርና የቀንበር ጠፍር አደረግሃት እንዴ? አልነው። እርሱም አብሮን ሳቀና ተወው።

በግንቦት መጨረሻ እናቱ ታመሙ ተባለና ዓርብ ዕለት አስፈቅዶ ይዟት ሄደ። ሲሄድ አጥፎ ሚኒባስ ላይ ጫናት። መንገዱ በጉና ትከሻ ላይ የሚወጣ ስለ ሆነ በመንኰራኵር ሽቅብ የሚሞከር አይደለም፤ ሲመለስ ግን ቁልቁል ስለሚበዛ ነድቷት ሊመጣ አሰበ። እሑድ በአሥራ አንድ ሰዓት ዝናብ እየደበደበው፣ ብስክሌቷን እየገፋ፣ ከኋላዋ አንድ ጆንያ ድንች አስሮ እትዬ በር ላይ ደረሰ።

«ቆመችብኝ» አለ። «ጋሳይን ካለፍኩ በኋላ ያጉረመርማል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አይዞርም። ምንም አላደረግኋትም።»

እኛ ያየነው ጆንያውን ነው።

ይህን ክፍል ስንጽፍ እጃችን ቀዝቀዝ ይላል፤ ግን የጀመርነውን እንጨርስ። በማግስቱ ማታ እንደ ሽማግሌ ተቀምጠን ፈረድን። ከመካከላችን አንዱ በደብተር ቃለ ጉባኤ ያዘ። ድንች ጭነህ ሞተሩን አቃጥለኸዋል፤ ወይም በጎርፍ ውስጥ አሳልፈሃታል፤ ስለዚህ ማሠሪያውን ክፈል አልነው። እርሱም ሲመልስ «ድንቹ አሥር ኪሎ አይሞላም። ከእናንተ ከወፍራሙና ከቀጭኑ ያለው ልዩነት ከዚያ ይበልጣል። ደግሞስ ለማን ያመጣሁት መሰላችሁ? እናቴ ናቸው ለጓደኞችህ ያዝላቸው ያሉኝ» አለ። ይህ ንግግር ሊያሳፍረን ይገባ ነበር፤ እኛ ግን የባሰውን ጠነከርን። ድሮም ጥፋተኛ ነው ብሎ የወሰነ ሰው የሚሰማው መልስ ሁሉ ምክንያት ፍለጋ ይመስለዋል። ክፈል አትክፈል ስንባባል ተነሣና «እንግዲያው ካላመናችሁኝ የኔን ድርሻ ተዉት፤ የናንተ ትሁን» ብሎ ወጣ። አልጠራነውም። የበጉን ዋጋ እያወቅን አልጠራነውም።

ድንቹን በላነው። እትዬ ቀቅላ በሚጥሚጣ አቀረበችልን፤ እያቀረበችም «ያ ልጅ የት አለ?» አለች። ሦስታችንም ድንች መላጡን ቀጠልን።

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ሳምንት የወጪ ታሪክ ነው። በቀኝ እጅ የሚጠመዘዘው የኃይል መስጫ ነው ብለን 1,200 ብር አውጥተን ከአዲስ አበባ አስመጥተን ቀየርን፤ ለውጥ የለም። የባትሪውን ሶኬት አጸዳን። በመጨረሻ በሚኒባስ ጭነን ባሕር ዳር ወስደን ለአንድ ሱቅ አሳየን፤ እነርሱም ሳይከፍቱ፣ ጎማውን ሁለት ጊዜ አዙረው «ሞተሩ ተቃጥሏል፤ 9,000 ብር ነው» አሉን። በምስጢር ደስ ያለንም ይመስለናል። ሞተሩ ከተቃጠለ ፍርዳችን ትክክል ነበራ!

ዘጠኝ ሺሕ ስላልነበረን ብቻ ነው ወደ ሬዲዮ ጠጋኙ የሄድነው። እኒህ ሰው በገበያው አቅጣጫ አንዲት ሱቅ ያላቸው፣ የአካባቢው ሰው «አያ» እያለ የሚጠራቸው፣ ዕድሜያቸውን በሬዲዮና በቴፕ ላይ የጨረሱ ናቸው። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ነክተው አያውቁም፤ ይህንንም በግልጽ ነገሩን። «ቢሆንም ሽቦ ሽቦ ነው፣ ልጆቼ። ተዉልኝና ቁጭ በሉ» አሉ።

ቴስተራቸውን አወጡ። ባትሪው 38 ቮልት፤ ደኅና ነው። ሞተሩን ከፈቱ፤ ጥቅሉ አልነደደም፣ የተቃጠለም ሽታ የለውም። እኛ እዚህ ላይ እርስ በርሳችን አልተያየንም። ከዚያም እንደ መምህር ያስረዱን ጀመር፤ እኛም ባለቤቶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በውስጧ ምን እንዳለ አየን። በፊተኛው ጎማ እምብርት ውስጥ ያለው ሞተር ሦስት ዐይነት የመዳብ ጥቅልና በዙሪያው የሚዞሩ ማግኔቶች አሉት። ጥቅሎቹ በተራ በተራ ካልበሩ ጎማው አይዞርም። የማን ተራ እንደ ሆነ የሚናገሩ ሦስት ትንንሽ የማግኔት ዳሳሾች አሉ፤ ወሬውን ከኮርቻው ሥር ወዳለው ኮንትሮለር የሚያደርሱት ጠጉር የሚያካክሉ ሦስት ሽቦዎች፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ዝም ካለ ኮንትሮለሩ ተራ ይጠፋበታል፤ ሞተሩም ያጉረመርማል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አይዞርም።

ያጉረመርማል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አይዞርም። ቃል በቃል የጋሳዩ ጓደኛችን እሑድ ማታ በዝናብ ቆሞ የነገረን ነው።

አያ የቴስተሩን ጫፍ በየሽቦው ላይ አድርገው ጎማውን በእጃቸው ቀስ እያደረጉ አዞሩ። ቢጫው ከዜሮ ወደ አምስት ቮልት፣ ከአምስት ወደ ዜሮ ይላል። አረንጓዴው እንዲሁ። ሰማያዊው ከአምስት ፈቀቅ አላለም። «ዳሳሹ ሞቷል ማለት ነው?» አልናቸው። «ቆይ» አሉ። ገመዱን በጣታቸው እየዳሰሱ ከፊት ወደ ኋላ ሄዱና ብስክሌቷ የምትታጠፍበት ማጠፊያ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያም ብስክሌቷን በማጠፊያዋ ጥቂት ሸብረክ አድርገው ጎማውን እንደገና አዞሩ። ሰማያዊው ሽቦ ከዜሮ ወደ አምስት፣ ከአምስት ወደ ዜሮ ማለት ጀመረ። ቀጥ ሲያደርጓት ዝም አለ። ሸብረክ ሲያደርጓት ተናገረ።

የላይኛውን ልባስ በምላጭ ሰነጠቁት። ከውጭ ምንም አልነበረበትም፤ በውስጡ መዳቡ ተበጣጥሶ እንደ ጭራ ተንጨባርሯል።

«ይህ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም» አሉ አያ። «እየታጠፈ እየተዘረጋ በዚያችው በአንዲቱ ቦታ አለቀ። በየቀኑ የሚያጥፋት ማን ነው?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነው ከእትዬ ጀበና በላይ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ከሰባቱ ቀን የሚበዛውን ያጠፍናት እኛ ሦስታችን ነን። አትጠፍ ያለው አንድ ሰው ነበር፤ እርሱም ስለ ምራን ሲናገር ሳቅንበት።

አያ የተበላሸውን ቆርጠው አውጥተው፣ ዘለግ ያለ ሽቦ በየዱ፣ በናስትሮ ጠቀለሉና ከማጠፊያው ውጭ ሰፋ ባለ ቀለበት አሳለፉት። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ለፍተው የጠየቁን 300 ብር ነው። ጎማው በአየር ላይ ሲዞር ሱቁ ፊት የተሰበሰቡ ሕፃናት አጨበጨቡ። እኛ አላጨበጨብንም።

በማግሥቱ ሦስታችንም ወደ ጋሳዩ ጓደኛችን ሄድን። ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ ላይ ካርታ እያየ ነበር። ከመካከላችን የተሻለ አፍ ያለው እንዲናገር ተስማምተን ነበር፤ እዚያ ስንደርስ ግን አፍ ያለውም አፍ አልነበረውም። የተቆረጠውን ሽቦ ብቻ አውጥተን ሰጠነው። አገላብጦ አየው፤ ጫፉን በጣቱ ነካ። ስለ ተናገረው ነገር አንዲት ቃል አላነሣም። 6,500 ብሩን ቆጥረን ዘረጋንለት። የአንዳችንን ወር ሙሉ የማስጠኛ ክፍያ ጨርሰን፣ ከእትዬም 2,000 ብር ተበድረን ነው ያገኘነው።

«ተቀመጡ እንጂ» አለን። ተቀመጥን። ብሩን ወሰደ፤ ለእናቱ እንደሚልከው ነገረን። እናቱ ተሽሏቸው እንደ ሆነ ጠየቅነው። ይህን ስንጠይቀው ያ የመጀመሪያችን ነበር፤ ከሄደ ከተመለሰ አንድ ወር ሊሞላው ነው። «ደኅና ናቸው፤ ድንቹ ጣፈጣቸው ወይ ብለው ይጠይቁኛል» አለ።

«ምን አልካቸው?»

«ጣፍጧቸዋል አልኩ።»

ከዚያ ወዲህ ሰላም እንባባላለን፤ ቡናም አብረን ጠጥተናል። ወደ ማኅበሩ ግን አልተመለሰም፤ በእግሩ ነው የሚሄደው። ብስክሌቷን አናጥፋትም፤ ከእትዬ ደጅ በሰንሰለት አስረን፣ በላስቲክ ሸፍነን እናሳድራታለን፤ ባትሪዋን ብቻ ነቅለን ከጉና ብርድ እናስገባዋለን። እትዬ ደንበኛ ያሰናክላል ብላ ትቆጣለች። የተራው ወረቀት እስከ ዛሬ አልተቀየረም። ሐሙስ ላይ ያለውን ስም የሰረዘ የለም፤ ሐሙስ ማታ ሦስታችንም በእግራችን እንሄዳለን፤ እርሷም እንደ ተሸፈነች ትውላለች።